ግዳይ በድንጋይ ላይ

የባቫሪያው መስፍን ቀዳማዊ ማክሲሚልያን ከሙኒክ ወጣ ብሎ ሽላይስሃይም ላይ ላለው ቤተ መንግሥቱ አራት ትልልቅ ሥዕሎች አሠራ። ጊዜው 1616 ገደማ ነው (እዚህ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሠዓሊው የአንትወርፑ ፒተር ፓውል ሩበንስ ሲሆን አራቱም የአደን ሥዕሎች ናቸው። አንዱ የአንበሳ፣ አንዱ የታይገር፣ አንዱ የከርከሮ፣ አንዱ ደግሞ የጉማሬና የአዞ አደን።

ባቫሪያ ውስጥ ጉማሬም አንበሳም የለም። ቢሆንም የሥዕሎቹ መንፈስ ለመስፍኑ እንግዳ አልነበረም። አንበሳ ገድሎ ጎፈሩን ያሰረ ሰው በአደባባይ ምን ክብር እንደነበረው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በዚያ ዘመን አውሮፓም አደን ከሥጋ ይልቅ የማዕረግ ጉዳይ ነበር። እዚያ ግን ሕግ አጥሮታል። በጀርመን አገሮች የዱር አውሬው የጌታ ነው። ገበሬው ያጨደውን ሳይሆን ገና ያልደረሰውን እህሉን ከርከሮ ሲገለብጥበት ቆሞ ያያል እንጂ እጁን ካነሣ ቅጣቱ የከፋ ነው። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ የተሰቀለ የአደን ሥዕል ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ማድረግ የተፈቀደለት ማን እንደሆነ ለእንግዳው ሁሉ ይናገራል። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሩበንስ ከ1600 እስከ 1608 ጣልያን ነበር። በዚያው ሰሞን ፌዴሪኮ ዜሬንጊ የተባለ ጣልያናዊ ሐኪም፣ ግብፅ ውስጥ ዓባይ ከባሕር በሚገናኝበት አካባቢ የተገደሉ የሁለት ጉማሬዎችን ቆዳ በጨው አድርቆ ወደ አገሩ አምጥቷል። ሩበንስ ጉማሬውን የሳለው እንዲህ ያለ ቆዳ አይቶ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ጣና ላይ ጉማሬ አፉን ሲከፍት ያየ ሰው ሥዕሉ ፊት ቢቆም የሚያርመው ብዙ ነገር አያገኝም። አውሬው መሐል ላይ አፉን በርግዶ ያገሳል። ከሥሩ አዞ አለ። የምሥራቅ ሰው ልብስ የለበሱ ሦስት ፈረሰኞች ከላይ ይወርዱበታል፣ ውሾች ይቦጫጭቁታል፣ ሁለት ሰዎች መሬት ላይ ተዘርረዋል። ሸራው ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል፣ ወርዱ ከሦስት ሜትር በላይ ነው። ከፊቱ የቆመ ሰው አደኑን ከማየት አልፎ ፈረሶቹ ሊረግጡት የደረሱ ይመስለዋል። ባሮክ የሚባለው የሥዕል ዘመን ሙያው ይህ ነበር፤ ተመልካቹን ከዳር አያቆመውም።

ሩበንስ አውሬውን ሁሉ ብቻውን አይስለውም። አንትወርፕ ውስጥ ሠዓሊዎች እንደየሙያቸው ይጋገዙ ነበር፤ በእንስሳት ደግሞ ፍራንስ ስናይደርስን (1579–1657) የሚያህል የለም። ሩበንስ በ1618 ለእንግሊዙ አምባሳደር ለዱድሊ ካርልተን በጻፈው ደብዳቤ፣ ጉበቱን ንስር የሚበላውን የፕሮሜቴዎስን ሥዕል በ500 ጊልደር ሲያቀርብ፣ ንስሩ የስናይደርስ እጅ መሆኑን ሳይሸሽግ ነግሮታል። ሊሸሽገው ያልፈለገው፣ የስናይደርስ ስም ዋጋ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ ስላልነበረ ይመስለኛል። የስናይደርስ ሚስት ወንድም ፓውል ደ ቮስና ተማሪው ያን ፋይት ከእሱ ተቀብለው ውሻ ከርከሮን ሲያንቅ፣ ድብ ውሻን ሲሰባብር፣ የታረደ አጋዘን ጠረጴዛ ላይ ተንጋሎ ሲያሳዩ ኖሩ። በ1636 የስፔኑ ንጉሥ ፊልጶስ አራተኛ ከማድሪድ ውጭ ላለው የአደን ማረፊያው ከሩበንስ ከ60 በላይ የአፈ ታሪክ ሥዕሎች፣ ከስናይደርስ ደግሞ በርካታ የእንስሳት ሥዕሎች አዘዘ። የዚያ ሁሉ ሥራ ትርፍራፊ ዛሬ ፕራዶ ቤተ መዘክር ውስጥ አለ።

ሸራ ግን አንድ ነው፤ ካለበት ግድግዳ አይነቃነቅም። ሩበንስ ይህን በሚገባ ያውቅ ስለነበር ሥዕሎቹ በመዳብ ላይ እየተቀረጹ እንዲታተሙ አደረገ፤ ሌላ ሰው እንዳይገለብጥበትም ከመንግሥታት የባለቤትነት ፈቃድ አወጣ። ከባቫሪያ አደኖቹ የአንበሳውንና የጉማሬውን ፒተር ሱትማን የሚባል የሃርለም ሰው ወደ መዳብ አዞራቸው። ሥራው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን መዳብ የሚያውቀው መስመር ብቻ ነው። የአንበሳው ጎፈር፣ የፈረሱ ላብ፣ የውሃው አረፋ ሁሉ በአንድ ዓይነት ጭረት ይነገራል። ቀለሙ ጠፍቶ አጥንቱ ይቀራል። አንድ ትልቅ ቅርጽ ለመጨረስ ደግሞ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቶሎ እንለፈው። ፈረንሳይ ውስጥ የስናይደርስ ተማሪ የነበረው ኒካሲየስ በርናርትስ ያስተማረው አሌክሳንደር ፍራንስዋ ዴፖርት የሉዊ አሥራ አራተኛን አዳኝ ውሾች እየነጠለ እንደ ሹማምንት ሳላቸው። እንግሊዝ ውስጥ በ1770ዎቹና 80ዎቹ ሪቻርድ ኧርለም በሆተን ቤተ መንግሥት የነበሩትን የስናይደርስ የገበያ ሥዕሎች፣ ዓሣ፣ ፍራፍሬና ግዳይ የተከመረባቸውን፣ ሜዞቲንት በሚባለው ለስላሳ የመዳብ ሥራ አሳተማቸው። የሥዕሎቹ ባለቤት ግን ስብስቡን በ1779 ለሩሲያ ንግሥት ለካተሪን ሸጠው። ሸራው ፒተርስበርግ ገባ፤ ለእንግሊዞቹ ወረቀቱ ቀረላቸው። ሜዞቲንት ለፀጉርና ለላባ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ሰሌዳው ቶሎ ይበላል። ጥቂት መቶ ከታተመበት በኋላ ጥቁሩ ይገረጣል።

አሁን ወደ ሙኒክ እንመለስ። እዚያ በ1790ዎቹ አሎይስ ዜኔፌልደር የሚባል ድኻ ወጣት ነበር። አባቱ የቲያትር ተዋናይ ነው፤ ሲሞት ልጁ የሕግ ትምህርቱን አቋርጦ እናቱንና ታናናሾቹን ሊረዳ ተውኔት መጻፍ ጀመረ። የማሳተሚያው ወጪ ትርፉን ስለበላበት ራሴ አትማለሁ ብሎ ተነሣ። መዳብ ውድ ነው። በአካባቢው ደግሞ ዞልንሆፈን ከሚባል ቦታ የሚወጣ፣ ለወለል የሚነጠፍ ልሙጥ የኖራ ድንጋይ አለ። እሱ ራሱ ኋላ በመጽሐፉ እንደተረከው፣ በ1796 አንድ ቀን እናቱ ለአጣቢ የሚሰጠውን ልብስ ዝርዝር ጻፍልኝ አለችው። ወረቀት በእጁ አልነበረምና ከሰም፣ ከሳሙናና ከጥቀርሻ በሠራው ቀለም ድንጋዩ ላይ ጻፈው። (የኛ ቁም ጸሐፊም ጥቀርሻ እየበጠበጠ ነው የጻፈው፤ ድኻ ፈልሳፊ ሁሉ ዓይኑ ምድጃ ላይ ነው።) ሊያጥበው ሲል ድንጋዩን አሲድ ባስነካው ምን ይሆን የሚል ሐሳብ መጣበት።

ትክክለኛው ብልሃት የተገለጠለት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በ1798 ነው። ምሥጢሩ ቅባትና ውሃ የማይስማሙ መሆናቸው ነው። ድንጋዩን በአሸዋና በውሃ ፈጭተው ጥርስ ያወጡለታል። ሞራ፣ ሰም፣ ሳሙናና ጥቀርሻ ባለበት እርሳስ ይስሉበታል። ከዚያ ጥቂት አሲድ የገባበት የግራር ሙጫ ይቀቡታል፤ ሙጫው ያልተሳለበትን ቦታ ውሃ እንዲወድ ያደርገዋል። ድንጋዩን በውሃ አርጥበው የቅባት ቀለም የነካ መዳመጫ ቢያንከባልሉበት፣ ቀለሙ እርሳሱ ባረፈበት ብቻ ይይዛል። ወረቀት አልብሶ መጫን ነው። መፈልፈል የለ፣ መቅረጽ የለ። ዜኔፌልደር የኬሚካል ኅትመት አለው፤ ዓለም ሊቶግራፊ አለው፤ በአማርኛ የድንጋይ ኅትመት ብንለው ያስኬደናል። የግራር ሙጫው ያን ጊዜም ከአፍሪካ ነበር የሚሄደው።

በ1799 የባቫሪያ መንግሥት ለ15 ዓመት ብቸኛ ፈቃድ ሰጠው። ፈቃዱ በተሰጠ በዓመቱ የናፖሊዮን ዘመን ፈረንሳዮች ሙኒክ ገቡና ከቤተ መንግሥቱ የተመረጡ ሥዕሎችን ጠቅልለው ወሰዱ። አራቱ የሩበንስ አደኖችም አብረው ሄዱ። ፓሪስ ሲደርሱ የአንበሳው አደን ወደ ቦርዶ፣ የታይገሩ ወደ ሬን፣ የከርከሮው ወደ ማርሴይ ተከፋፈለ፤ ጉማሬው ፓሪስ ቀረ። መስፍኑ አንድ ላይ እንዲታዩ ያሠራቸው ሥዕሎች ከዚያ ወዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም።

አንድ ከተማ በአንድ ወቅት ሥዕሎቿን ተዘርፋ ሥዕል የሚያባዛ ጥበብ መውለዷ የታሪክ ቀልድ ይመስላል። የሙኒክ ቤተ ሥዕል ኃላፊ የነበሩት ዮሃን ክርስቲያን ፎን ማንሊህ ቀልዱ የገባቸው ሰው ነበሩ። ከዚያ ቀደም በ1793 ፈረንሳዮች ሲመጡ የሌላ መስፍን ሥዕሎችን ጭነው ያሸሹ እሳቸው ናቸውና፣ ሥዕል በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል ማንም ሊነግራቸው አያሻም። ወጣቱ ዮሃን ኔፖሙክ ሽትሪክስነር በ1808 የአልብሬክት ዱረርን የጸሎት መጽሐፍ ንድፎች በድንጋይ ሲያሳትም አይተው በሐሳቡ ገፉበት። ከ1810 ጀምሮ ሽትሪክስነርና ፈርዲናንድ ፒሎቲ የባቫሪያን ንጉሥ የንድፍ ስብስብ በየክፍሉ እያተሙ ያወጡ ጀመር። አውሮፓ ደነገጠ። ንድፉ እውነተኛ፣ ጠመኔው እውነተኛ፣ ዋጋው ግን የወረቀት ነው።

ናፖሊዮን ወድቆ በ1815 ጉማሬው ወደ ሙኒክ ተመለሰ። ከአራቱ የተመለሰው እሱ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እነ ፒሎቲ ንድፉን ትተው ሸራውን ራሱን፣ በሙኒክና በሽላይስሃይም ያለውን የባቫሪያ ንጉሥ ስብስብ፣ ወደ ድንጋይ ማዞር ጀመሩ። በዚያ ስብስብ ውስጥ የፍላንደርስ አውሬዎች ብዙ ናቸው፤ ሩበንስ በ1621 የሳለው ሌላው የአንበሳ አደን እንኳ እዚያው አለ። አንበሳው ፈረሰኛውን በጥርሱ ይዞ ከኮርቻው ወደ ኋላ የሚያወርድበት ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገር፤ የእጅ ሙያ ነገር እኔን ደስ ይለኛል። ነዳፊው ሥዕሉ ፊት ተቀምጦ በአነስተኛ ወረቀት ልኩን ጠብቆ ይገለብጣል። ያንን ንድፍ አዙሮ ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፤ ካላዞረው በኅትመቱ ላይ ጦር የያዘው ሁሉ ግራኝ ይሆናል። ከዚያ የቅባት እርሳሱን እያሾለ ይቀመጣል። እጁ ድንጋዩን መንካት የለበትም፤ የጣት ላብ ቅባት ነውና ጥቁር ሆኖ ይታተማል። ሲናገር ምራቁ ከፈነጠቀም ያበላሻል። የተሳሳተውን እንደ እርሳስና ላጲስ ማጥፋት የለም፣ በስለት ቀስ አድርጎ መፋቅ ነው።

የመዳብ ቀራጭ ፀጉርን እየቆጠረ ይጭራል። የድንጋይ ነዳፊ ግን ያሻሸዋል። እርሳሱ በድንጋዩ ጥርስ ላይ ሲሄድ ከፍ ያለውን እየነካ ዝቅ ያለውን ይዘላል፤ የሚወጣው ነጠብጣብ ለከርከሮ ጋማ፣ ለውሻ ትከሻ፣ ለእርጥብ አፍንጫ የተፈጠረ ነው። ስናይደርስ ከሞተ 160 ዓመት በኋላ ፀጉሩን የሚያውቅለት መሣሪያ ተገኘ ብል ማጋነን አይሆንም። የሚጎድለው ቀለሙ ነው። የሩበንስ አደን ግማሽ ሕይወቱ ቀዩ ነው፤ ደሙ፣ ካባው፣ የፈረሱ አፍንጫ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሲቀርብ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ ውጊያው ከሩቅ የሚሰማ ይመስላል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ሙኒኮች ሁለተኛ ድንጋይ ጨመሩ። ሁለተኛው ድንጋይ ገጹን በሙሉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም የገለባ ቀለም ያለብሰዋል፤ ብርሃን በሚያርፍበት ቦታ ግን ይፋቅና የወረቀቱ ነጭ ይወጣል። በአንድ የውሻ ዓይን ላይ ያለች ነጭ ነጥብ፣ በከርከሮው ክራንቻ ጫፍ ላይ ያለች ብልጭታ የምትወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ዜኔፌልደር ራሱ በ1818 ምሥጢሩን ሁሉ በመጽሐፍ አውጥቶ ለዓለም ሰጠ፤ በዓመቱም ወደ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ተመለሰ። ሀብታም አልሆነም፤ በ1834 ሲሞት የመንግሥት ጡረተኛ ነበር። መንግሥት ጥበቡን ይበልጥ የፈለገው ለሥዕል ሳይሆን ለመሬት ግብር ካርታ ነውና፣ ለዚያ ሥራ የተቀረጹ ከ26 ሺህ በላይ ድንጋዮች ሙኒክ ውስጥ እስከ ዛሬ ተደርድረው ይገኛሉ።

ጥበቡ ድንበር ተሻገረ። ማድሪድ ላይ ሠዓሊው ሆሴ ደ ማድራሶ በ1825 የንጉሡን የድንጋይ ማተሚያ ቤት ከፍተው፣ የፕራዶን ሥዕሎች በትልልቅ ቅጽ ማውጣት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ከስፔን የተሰደደው አረጋዊው ጎያ ቦርዶ ሆኖ አራት የበሬ ትግል ሥዕሎችን ድንጋይ ላይ ሳለ፤ ድንጋዩን እንደ ሸራ ቀጥ አድርጎ አቁሞ በማጉያ መነጽር እያየ ነበር ይባላል። መቶ መቶ ቅጂ ታተመ። ልብ በሉ፦ አንዱ የሌላውን ሥዕል በትዕዛዝ ይገለብጣል፣ ሌላው በዚያው ዕቃ የራሱን አዲስ ነገር ይወልዳል። ፓሪስ ውስጥ ዩጂን ደላክሯ እንዲሁ። በእንስሳት ማቆያው አንበሳ ሲመለከት ከርሞ በ1829 እና 1830 አካባቢ የአትላስ አንበሳና የንጉሣዊ ታይገር የሚባሉ ሁለት ግሩም የድንጋይ ሥራዎች አወጣ። ደላክሯ የሩበንስን አደኖች የሚያጠናቸው ከሱትማን የመዳብ ቅርጾች ነበር። ጥር 1847 በዕለት ማስታወሻው ላይ የአንበሳውንና የጉማሬውን አደን ቅርጾች አስተያይቶ፣ አንበሳው ዓይንን እንደሚያደናግር፣ የጉማሬው ግን በአወቃቀሩ እንደሚበልጥ ጽፏል። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ወረቀት ትምህርት ቤት ሆነው ማለት ነው።

ድሬስደን ላይ ደግሞ ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል መጣ። የገበሬ ልጅ ነው፤ በሙኒክ የመኳንንቱን ፊት በድንጋይ እየሳለ ከመታወቁ የተነሣ ግራፍ ሊቶ ይሉት ነበር፤ በኛ ደጃዝማች ሊቶ እንደማለት። ከ1835 እስከ 1852 የድሬስደንን ቤተ ሥዕል ምርጥ ሥራዎች እያተመ ሲያወጣ ኖረ። የእሱ ጥቁር እንደ ከፋይ ነው። በግሌ ግን ከእሱ ይልቅ የቀደሙትን ሙኒኮች እመርጣለሁ፤ እነዚያ ሲሳሳቱ እንኳ እጃቸው ይታያል፤ የሃንፍሽቴንግል ገጽ አንዳንዴ ከመለስለሱ ብዛት አውሬው የታጠበ ይመስላል።

ይህን ሁሉ ማን ይገዛው ነበር? አሁን መጀመሪያ ያስያዝኳችሁን ነገር እናንሣ። ቅጾቹ በየክፍሉ በደንበኝነት ይሸጡ ስለነበር ሐኪሙም፣ ነጋዴውም፣ የከተማው ጠበቃም በጥቂት በጥቂቱ ይሰበስባቸዋል። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የማደን መብት የላቸውም። ፈረንሳይ ይህን መብት በነሐሴ 1789 አንድ ሌሊት ከመኳንንቱ ብትነጥቅም፣ በጀርመን አገሮች በሌላው ሰው መሬት የማደን የጌታ መብት በሕግ የተሻረው በ1848ቱ አብዮት ነው። ስለዚህ በ1820ዎቹና 30ዎቹ ከርከሮ ቢገድል የሚታሰረው ሰው የመስፍኑን ከርከሮ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎ ቡናውን ይጠጣ ነበር። የአብዮት ሥራ ነው አልልም፤ ማንም በሊቶግራፍ ምክንያት ጠመንጃ አላነሣም። ቢሆንም ለአንድ ቤት ብቻ ይናገር የነበረው ሥዕል ትርጉሙ በወረቀቱ ላይ ተሟጠጠ። ከዚያ ወዲያ ጥሩ የውሻ ሥዕል ነው፣ በቃ።

ይኸው የሙኒክ እጅ ወደኛም ደርሷል። በ1841 ወደ ሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ ጋር ዮሃን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። ሃሪስ ራሱ የለየለት አዳኝ ነው፤ የደቡብ አፍሪካን አውሬዎች በድንጋይ ኅትመት መጽሐፍ ያወጣው ወደ ሸዋ ከመምጣቱ በፊት በ1840 ነበር። በርናትዝ ወደ ሙኒክ ተመልሶ የሸዋን ተራራ፣ የአፋርን በረሃና የንጉሡን አደባባይ በ1852 በሊቶግራፍ መጽሐፍ አወጣ። እነዚያ የአንኮበር ገጾች የፈዘዘ ቀለም ያለው ድንጋይ የተደረበባቸው ናቸው፤ የስናይደርስን ከርከሮ ያበራው ብልሃት የኛንም ሰማይ አብርቷል።

ከዚያ ፍጻሜው ይጀምራል። ሃንፍሽቴንግል በ1853 ድንጋዩን ትቶ የፎቶግራፍ ስቱዲዮ ከፈተ። በ1855ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ የተነካካ ኔጋቲቭ ምን ማድረግ እንደሚችል ለጉድ አሳየ። በዚያው ትርዒት ላይ ደላክሯ በመንግሥት ትዕዛዝ የሳለው ግዙፍ የአንበሳ አደን ተሰቅሎ ነበር፤ ከሩበንስ ጋር የተደረገ የሕይወት ዘመን ክርክሩ ነው። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ትርዒት ላይ ሲውሉ አንዱ የአሮጌው ዘመን መጨረሻ፣ ሌላው የአዲሱ መጀመሪያ መሆኑን ያየ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። በ1868 የሙኒኩ ዮሴፍ አልበርት ፎቶግራፍን በቀጥታ በማተሚያ ቀለም የሚያወጣ ዘዴ አበጀ። ሠዓሊ ሥዕል ፊት ወራት ተቀምጦ የሚገለብጥበት ምክንያት ከዚያ ወዲህ አልቀረም።

ድንጋዩ ግን ሥራ አልፈታም። በ1837 የሙሉዙ ጎድፍሯ ኤንግልማን ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ድንጋይ እየመደበ ባለ ብዙ ቀለም ኅትመትን በፓተንት አስመዝግቦ ነበር። የክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ላይ በቫርኒሽ ተወልውሎ እንደ ሸራ ቆርቆር የተደረገ የቀለም ኅትመት በየቤቱ ገባ፤ የሚያገሳ አጋዘን፣ የሚሮጥ ውሻ፣ ወርቃማ የሚመስል ክፈፍ። ለእነዚህ ብዙ ቃል አላባክንም፤ ሩበንስ ቢያያቸው ፈቃዱን ይነጥቃቸው ነበር። ያው ዞልንሆፈን በ1861 ለማተሚያ በተፈለፈለ ድንጋይ ውስጥ ላባ ያለው ጥንታዊ ፍጥረት አሳይታለች፤ ሊቃውንቱም አርኪዮፕተሪክስ ሊቶግራፊካ ብለው በማተሚያው ድንጋይ ስም ሰየሙት። በዚያ ድንጋይ ላይ ሰው ያልሳለው እንስሳ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ታኅሣሥ 7 ቀን 1870 የቦርዶ ማዘጋጃ ቤት ተቃጠለ። የሩበንስ የአንበሳ አደን፣ ያ ከ1616 ገደማ የባቫሪያው መስፍን አራት ሥዕሎች አንዱ የነበረው፣ ሙሉ በሙሉ ወደመ። እዚያው የነበረው የደላክሯ አንበሳ ደግሞ ላይኛው ክፍሉ ተቃጥሎ ታችኛው ተረፈ። የሩበንሱን ዛሬ የምናውቀው ከሱትማን ቅርጽና ከቅጂዎች ነው። የደላክሯን ሙሉ መልክ የሚያሳየን የቦርዶ ተወላጅ የሆነው ኦዲሎን ሬዶን በወጣትነቱ ከቃጠሎው በፊት የገለበጠው ነው። መገልበጥ የበታች ሥራ ነው ለሚል ሰው መልሱ ቦርዶ ውስጥ ተሰቅሏል።

የተረፈውን በአጭሩ። ሙኒክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትደበደብ ቤተ ሥዕሉ ፈራረሰ፤ ሥዕሎቹ ግን ቀድመው ወጥተው ነበር፤ ሕንፃው ተጠግኖ የተከፈተው በ1957 ነው። ጉማሬው አሁንም እዚያ አፉን ከፍቷል። ታይገሩ ሬን፣ ከርከሮው ማርሴይ ናቸው።

ሊቶግራፎቹ ደግሞ በየቦታው ተበትነዋል። ሙኒክ፣ ፍራንክፈርት ወይም ቪየና የምትኖሩ አንባቢዎች ቅዳሜ ገበያ ላይ በአሮጌ ክፈፍ ውስጥ ከርከሮና ውሾች ብታገኙ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ በግራ በኩል የሳለው፣ በቀኝ ድንጋዩ ላይ የነደፈው ስም ይኖራል። ቀጥሎ በጠርዙ ዙሪያ ወረቀቱ የሰመጠበት ምልክት ካለ የመዳብ ሥራ እንጂ የድንጋይ አይደለም። በመጨረሻም ማጉያ መነጽር አውጡና የውሻውን ትከሻ ተመልከቱ። ነጠብጣቡ እንደ ተበተነ ጤፍ ያለ ሥርዓት ከተዘራ የሰው እጅ ሳይሆን አይቀርም። በሰልፍ ተደርድሮ ከታየ ግን የኋለኛው የማሽን ኅትመት ነውና ብዙ ገንዘብ አትክፈሉበት።